በነጥብ ነው? በዕጣ ነው? ወይስ በዘመድ?

የጊፋታ ሰሞን ዱቦ ላይ ሰው አይጠፋም። ከአዲስ አበባ የመጣው፣ ከሐዋሳ የመጣው፣ ነጋዴውም፣ ሊስትሮውም፣ ተማሪውም ተሰብስቦ ዓመቱን ሙሉ ሳንቲም ሲያዋጡ የከረሙበትን በሬ ይጥላል። እኔም እንደ ልማዴ አረካ አጠገብ ወደምትገኘው ወደዚችው ቀዬ ጎራ ብዬ ነበር። ሥጋው ቀርቦ፣ ዳጣው ዓይን እያስለቀሰ፣ ጨዋታው ሞቅ ሲል አንድ ጎረቤታችን ድንገት ወደ እኔ ዞሩ። አናጢ ናቸው፤ የሰፈሩ በርና መስኮት ግማሹ የእጃቸው ሥራ ነው።

«አንተ ጋዜጣ ላይ የምትጽፈው ሰውዬ፣ እስቲ ይኼን ንገረኝ። ልጄ ዕጩ መኮንን ሆኖ ገብቷል። ሲመረቅ ምን ያደርጉታል?»

«ምክትል መቶ አለቃ ይሆናላ!» አልኳቸው።

«እሱንማ አውቃለሁ። የት ያስገቡታል ነው የምልህ! እግረኛ ነው? መድፍ ነው? መገናኛ ነው? ልጁ ሂሳብ ይወዳል፤ የተሰበረ ራድዮ ሲፈታና ሲገጥም ነው ያደገው። ማን ነው የሚወስንለት? በነጥብ ነው? በዕጣ ነው? ወይስ…» አሉና አውራ ጣታቸውን ከሌባ ጣታቸው ጋር እያፋተጉ ዝም አሉ።

«ወይስ» የሚለውን አልጨረሱትም። በዚህ አገር ኖሮ የቀረውን የማያውቅ ማን አለና! እኔም የጎረስኩትን እያላመጥኩ መልስ አጣሁ። እነሆ ያን ቀን የዋጥኩትን ጥያቄ ዛሬ ለሚመለከተው ሁሉ ላቀርበው ነው።

ወገኖቼ፣ ጉዳዩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ስለ ሠራዊት ሲወራ ሁሌ የምንሰማው ስንት ሰው እንደገባ ነው። ቅስቀሳው አለ፣ ምዝገባው አለ፣ የምረቃው ሰልፍ በቴሌቪዥን ይታያል፣ እናቶች እልል ይላሉ። ከሰልፉ በኋላ ያለው ነገር ግን በሩ የተዘጋ ነው። አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው፣ በአንድ ቃል ምለው፣ በአንድ ቀን ከተመረቁት ልጆች መካከል አንዱ ምሽግ ውስጥ ይገባል፣ አንዱ መጋዘን ይረከባል፣ አንዱ ድልድይ መሥራት ይማራል፣ አንዱ ቢሮ ተቀምጦ ወረቀት ይፈርማል። ማን ለማን ምን ሰጠ? በምን መለኪያ?

እግረኛ የሆነው መኮንን ከሁሉ በፊት ፊት ለፊት ይቆማል። ክብር አለው፣ ማንም አይወስድበትም፤ ብዙ ጊዜ አጥንቱ የሚቀረውም እሱ ነው። መሐንዲስ የሆነው ሠራዊቱን ሲሰናበት እጁ ላይ ሙያ አለ፤ መንገድ ይሠራል፣ ሕንፃ ይቆጣጠራል። የሕክምናው ልጅ ክሊኒክ ይከፍታል። የመገናኛው ልጅ ከሞገድና ከኮምፒዩተር ጋር ይኖራል። ስንቅና ትጥቅ የገባውን ደግሞ… እሱን ተዉት፤ ቤቱ ሲሠራ ታዩታላችሁ። (ሁሉም አይደሉም፣ ይቅርታ! ግን አንዳንዱን አይተናል።) እንግዲህ በዚያች በአንዲት የምደባ ቀን የሚወሰነው የልጁ የሥራ ቦታ ብቻ አይደለም። ሞቱም፣ ሙያውም፣ ሹመቱም፣ ከጡረታ በኋላ የሚበላው እንጀራም ነው።

ደግሞስ የልጁ ዕድል ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። የአገሪቱም ዕድል እኮ ነው!

ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.ን አስታውሱ። ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ የተነሣው ክቡር ዘበኛ ነው፤ ያከሸፈው ምድር ጦርና አየር ኃይል ነው። በአዲስ አበባ አውራ ጎዳና የአንድ አገር ልጆች ተጋደሉ። አንድ ወጣት መኮንን በየትኛው ወገን እንደቆመና በየትኛው ጥይት እንደሞተ የወሰነው ሐሳቡ ነው ወይስ ቀደም ብሎ የተመደበበት ክፍል? ክቡር ዘበኛ የገባው ምናልባት ቁመናው አምሮ ነው። ምድር ጦር የገባው ምናልባት ቦታ ሞልቶበት ነው። ከዚያ በኋላ አንዱ «ከሃዲ»፣ ሌላው «ታማኝ» ተባለ።

ጥር 1966 ዓ.ም. ደግሞ ነገሌ ቦረና ላይ ምን ሆነ? ከሁሉ ርቆ፣ ውኃና ምግብ ጠፍቶበት የተቀመጠው ጦር አመፀ። ነገሩን እንዲያዩ የተላኩትን ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዞ እሱ የሚበላውን አበላቸው፣ እሱ የሚጠጣውን አጠጣቸው። ለካ ትልልቆቹ ሰዎች ያን ውኃ ቀምሰውት አያውቁም! ከዚያ እሳቱ ወደ ደብረ ዘይት አየር ኃይልና ወደ አስመራው 2ኛ ክፍለ ጦር ተዛመተ፤ ሰኔ ላይ ደርግ ተቋቋመ። እዚያ በረሃ ማን ተመደበ፣ ማን ተረሳ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የዘውዱ መጨረሻ ከዚያ ጀመረ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከደርግ አባላት አንዱ ከሐረር፣ ከ3ኛ ክፍለ ጦር የመጣ ሻለቃ ነበር። ሆለታ የተማረ፣ አሜሪካም ሄዶ የሠለጠነ። በምን ሙያ መሰላችሁ? በመሣሪያ ግምጃ ቤት! ጥይትና መሣሪያ የሚጠብቅና የሚያከፋፍል መኮንን። በታንክ አዛዥነቱ ወይም በአየር ወለድነቱ የታወቀ ሰው አልነበረም። ወደ አዲስ አበባ የተላከውም አዛዡ ሊገላገለው ፈልጎ ነው እየተባለ ሲነገር ኖሯል። ስሙ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ይባላል፤ የቀረውን ታውቁታላችሁ። «ይኼን ሰው ከዚህ አንሡልኝ» ተብሎ የሚደረግ ምደባ አገር እስከ ምን እንደሚያደርስ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይምጣ?

ወደ ዛሬው እንምጣ ካላችሁም፣ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ዐቢይ አሕመድ በሠራዊቱ ውስጥ ያደጉት በመገናኛና በመረጃ ሙያ ነው። በልጅነታቸው እግረኛ ብቻ ሆነው እንዲቀሩ ተመድበው ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ወዴት ይሄድ እንደነበር እንጃ። አንዱ ከጥይት መጋዘን፣ ሌላው ከራድዮ። ታዲያ ያ የዱቦው የአናጢ ልጅ ራድዮ ሲገጥም ማደጉን የሚመዘግብለት ማን ነው?

ሕጉ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 87 ስለ መከላከያ ይናገራል። ሠራዊቱ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ሚዛናዊ ተዋጽኦ ያካተተ ይሆናል ይላል። ተግባሩንም ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነጻ ሆኖ ያከናውናል ይላል። እሰየው! ግን ልብ በሉ፤ «ተዋጽኦ» ሲባል የሚቆጠረው የት ነው? በሩ ላይ ነው ወይስ ውስጥ? በሩ ላይ ቆሞ «ከወላይታ ይህን ያህል፣ ከጋሞ ይህን ያህል፣ ከጎጃም ይህን ያህል ገባ» ማለት ቀላል ነው። ውስጥ ገብቶ «ከመሐንዲሱ ስንት፣ ከመገናኛው ስንት፣ ከመረጃው ስንት፣ ከምሽጉ ስንት» ብሎ መጠየቅ ነው የሚያስፈራው። ከየብሔሩ እኩል ተውጣጥቶ አንዱ ወገን ጉድጓድ ሲቆፍር፣ ሌላው ካርታ ዘርግቶ ሲያመለክት ቢገኝ፣ አንቀጽ 87 ተከበረ ልንል ነው? በወረቀቱማ አዎን፣ ተከብሯል!

እኛ ደቡቦች ይህን የቁጥር ጨዋታ እናውቀዋለን። ሃምሳ ስድስት ብሔረሰብ በአንድ ጆንያ ታስሮ «ደቡብ» ሲባል ስንት ዓመት ቆየ! አንድ ሰው ከአንድ ጥግ ይነሣና «ደቡብ ተወክሏል» ይባላል። የወላይታው አባት «የኔስ?» ሲል «ያው ደቡብ አይደል!» ይሉታል። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ክልሉ ተከፍሎ ደቡብ ኢትዮጵያ የሚባለው ሲቋቋም ወንበሩ ሶዶ መጣ። መልካም ነው። የጆንያው አቆጣጠር ግን አብሮ ተከፍሎ እንደሆነ አናጢው ጎረቤቴ አልተነገራቸውም።

ለምን ወላይታ ይህን ጥያቄ አጥብቆ ይጠይቃል ለሚለኝ ሰው ደግሞ ወደ ቦሎሶ ሶሬ ይምጣና ይይ። መሬቱ ጠባብ ነው፣ ሰዉ ብዙ ነው፣ የእንሰቱ ጓሮ ለአራት ወንድማማች ተካፍሎ አልቋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በመላ አገሪቱ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር። የቀረው ወዴት ይሂድ? አንዱ ወደ ከተማ፣ አንዱ ወደ ደቡብ አፍሪካ መንገድ፣ አንዱ ወደ ሠራዊቱ። ሠራዊት ለድሃ ልጅ ከቀሩት ጥቂት በሮች አንዱ ነው። በሩን ካለፈ በኋላ ያለው አዳራሽ ጨለማ ሲሆን ነው ደም የሚያፈላው!

እስቲ ሌላው ዓለም እንዴት እንደሚያደርግ እንመልከት። አሜሪካን አንስቼ ላወድስ አይደለም፤ የራሷን ጉድ ታውቀዋለች። ዌስት ፖይንት የሚባለው የጦር አካዳሚ በፈረንጆች 1802 የተቋቋመ ነው። በያመቱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ መኮንኖች ያስመርቃል። ድሮ ድሮ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ሁሉም በውጤቱ ተራ ይሰለፋል፣ አንደኛ የወጣው አንደኛ ይመርጣል፣ የመጨረሻው የተረፈውን ያነሣል። በዚያ ዘመን ጎበዙ መሐንዲስ ነበር የሚሆነው። በኋላ የደቡቡን ጦር የመራው ሮበርት ሊ በ1829 ከክፍሉ ሁለተኛ ወጥቶ መሐንዲስ ሆነ። በ1861 የጭራ ጭራ ሆኖ የተመረቀው ከስተር ደግሞ ፈረሰኛ ገባ፤ በ1876 ከሕንዶቹ ጋር ሲዋጋ ጦሩን አስጨርሶ ራሱም ሞተ። ፍርዱን ለእናንተ እተወዋለሁ።

ቆይቶ ችግር መጣ። ወጣት መኮንኖች የአምስት ዓመት ግዴታቸውን እየጨረሱ ወደ ኩባንያ መኮብለል ጀመሩ። ስለዚህ በ2006 ከተመረቁት ጀምሮ አንድ ሕግ ወጣ፤ የምትፈልገውን ሙያ ለማግኘት ሦስት ዓመት ጨምሬ አገለግላለሁ ብለህ ከፈረምክ፣ ከየክፍሉ ቦታ ሩብ በሚሆነው ላይ ቅድሚያ ታገኛለህ። ሕጉ ታትሟል፣ ዕጩው አንብቦ ያሰላል። ከሲቪል ዩኒቨርሲቲ ለሚወጡት ዕጩዎችም ሌላ ቀመር ነበራቸው። ታይፉን ሶንሜዝ የሚባል በትውልዱ ቱርካዊ የሆነ የኢኮኖሚክስ ሊቅ ያን ቀመር መረመረውና በ2013 ጉዱን ጻፈው። በመሃል ተራ ላይ የወደቀ ልጅ ተፈላጊ ሙያ ሳይደርሰው፣ ከእሱ በታች የወጣው ይደርሰዋል! ማለት፣ ብልጥ ተማሪ ነጥቡን ሆን ብሎ ዝቅ ማድረግ ያዋጣዋል። ይህን ስትሰሙ የኛ አገር ነገር ትዝ አላላችሁም?

የሚገርመው ቀጥሎ የሆነው ነው። ሰውዬው በአገር ምሥጢር አልተከሰሰም። ጽሑፉን የወሰደ ጋዜጣ አልተዘጋም። እሱና ጓደኞቹ፣ ከነሱም አንዱ እዚያው ዌስት ፖይንት የሚያስተምር ነው፣ ከሠራዊቱ ጋር ተቀምጠው ለ2021 ተመራቂዎች አዲስ አሠራር ዘረጉ። ዛሬ እዚያ የሚወስኑት ነገሮች ሦስት ናቸው፤ የዕጩው ውጤት፣ የዕጩው ምርጫ፣ የክፍሎቹ ፍላጎት። መሐንዲሱም መድፈኛውም «ይህ ልጅ ለኔ ይሆናል፣ ይህ አይሆንም» ብሎ ደረጃ ይሰጣል። ከዚያ ኅዳር አካባቢ አንድ ማታ ሁሉም አዳራሽ ይሰበሰቡና እያንዳንዱ ፖስታውን ይከፍታል፤ ውስጡ የሙያው ምልክት አለ። የሚጨፍር አለ፣ የሚያኮርፍ አለ። ያኮረፈው ግን በምን እንደተበለጠ ያውቃል!

እንግሊዞችስ? ሳንድኸርስት ላይ ዕጩው የሚፈልገውን ክፍለ ጦር ይመርጣል፣ ክፍለ ጦሩም ጠርቶ ይጠይቀዋል። እዚያም «የአባትህ ትምህርት ቤት የት ነበር» የሚል ሽታ አለው እየተባለ ይታማል። ዘመድ የሌለበት አገር የለም። ልዩነቱ ሐሜቱን በአደባባይ ማውራት መቻል ነው።

እኛስ አገር? ዕጣን በሚገባ እናውቀዋለን። ለብዙ ዓመታት ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሐኪም በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ዕጣ እያወጣ ነበር የሚመደበው። ስንቱ አልቅሷል፣ ስንቱ ትዳሩ ተበትኗል። ዕጣ ሞኝ ነው፤ ቀዶ ጥገና የሚወደውንና የማይወደውን አይለይም። ነገር ግን አንድ ደግ ነገር አለው፤ ሰው ፊት ይወጣል።

ሰው ፊት ይወጣል ስል ራሴን ልቅደም። እኔም በወጣትነቴ ከአንድ መምህራን ማሠልጠኛ ስወጣ በዕጣ ነው የተመደብኩት፤ ስሙን አልጠራም። ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት ነበር። ተራዬ ደርሶ አወጣሁና የእግር መንገዱ ሁለት ቀን የሚፈጅ ወረዳ ደረሰኝ። እሺ፣ ዕድሌ ነው አልኩ። በኋላ ስንቆጥር ከተማው አጠገብ ያሉት ሦስት ትምህርት ቤቶች ከጣሳው ውስጥ ከመነሻውም አልነበሩም! ሦስት ልጆች ደግሞ ዕጣ ሳያወጡ ተቀምጠው ይስቁብን ነበር። ያን ቀን የተማርኩትን ሁለት ዓመት ሙሉ ማሠልጠኛው አላስተማረኝም። ዕጣው ሐቀኛ ነው፤ ሌባው ያለው ጣሳውን ከሚሞላው ጋር ነው። ስለዚህ «ዕጣ ይውጣ» ብቻ ማለት አይበቃም፤ ጣሳው ውስጥ ስንት ወረቀት እንደገባ ይነገረን!

እንግዲህ ሁለት መልስ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። አንደኛው «ወታደራዊ ምሥጢር ነው» የሚል ነው። ምኑ ነው ምሥጢሩ? የመድፉን ብዛት ንገሩን አላልንም። ጦሩ የት እንደሰፈረ አልጠየቅንም። መኮንን በምን መለኪያ እንደሚመደብ ማወቅ ለጠላት ምን ይጠቅመዋል? ጠላትን የሚጠቅመውስ የተከፋ መኮንን ነው። ያለ ችሎታው መገናኛ የተመደበ የባለሥልጣን ዘመድ ራድዮው ሲበላሽ አንድ ሻለቃ ጦር ያስጨርሳል፤ ያ ነው ለጠላት የሚሰጥ ስጦታ።

ሁለተኛው መልስ ከበድ ይላል። «ወታደር ቦታ አይመርጥም፣ አገር ያዘዘችውን ይፈጽማል» ይላሉ። እውነት ነው። ሁሉም እንደ ምርጫው ይሁን ቢባል ሁሉም አየር ኃይል ልግባ፣ መሐንዲስ ልሁን፣ ሐኪም ልሁን ይላል፤ ምሽጉን ማን ይይዛል? እኔ ምርጫ ብቻውን ይግዛ አላልኩም። ነጥብ ብቻውን ይግዛም አልልም፤ ምክንያቱም የዱቦ ልጅና በአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሲጠጣ ያደገ ልጅ በአንድ ወረቀት ቢፈተኑ ማን እንደሚያሸንፍ ሳንፈተን እናውቃለን። የኔ አቤቱታ ሌላ ነው። አገር ታዘዝ ስትለው ልጁ ይታዘዛል፤ ያዘዘችው ግን አገር ትሁን! አገር ስትሆን ደንብ አላት፣ ማኅተም አላት፣ መልስ ትሰጣለች። አንድ ክፍል ኃላፊ በስልክ «የእህቴን ልጅ ወደ ሎጂስቲክስ አድርግልኝ» ብሎ ያዘዘው ከሆነ ያ የአገር ትእዛዝ አይደለም። ለዚያ ትእዛዝ መሞት ግዴታ የሚሆንበት ሕግ ካለ ይጠቀስልን።

አብሮ የሚነሣም ነገር አለ። ሐረር አካዳሚ በ1950 ዓ.ም. ገደማ በሕንድ መኮንኖች አስተማሪነት ሲከፈት፣ ሆለታ ደግሞ ከጣሊያን ወረራ በፊት በስዊድኖች ተጀምሮ ቆይቷል። ከሐረር የሚወጣው ሦስት ዓመት የተማረ፣ ከሆለታ የሚወጣው ብዙው ከበታች ሹም ያደገና አጠር ያለ ኮርስ የወሰደ ነበር። ሐረሩ ሆለታውን ናቀው፣ ሆለታው ሐረሩን ጠመደው። ያ ቂም በደርግ ዘመን ምን እንዳስከተለ የኖሩበት ይንገሯችሁ። የቂሙ ሥር ከሌላ አልነበረም፤ ማን ለየትኛው ሥልጣን እንደሚበቃና ለምን እንደሚበቃ ግልጽ የሆነ መሰላል ስላልነበረ እያንዳንዱ «እኔን ያስቀረኝ ያኛው ነው» ይል ነበር።

ስለዚህ የምንጠይቀው ከባድ አይደለም፣ ገንዘብም አያስወጣም። ዕጩ መኮንኖቹ ከመመረቃቸው በፊት ሦስት ወረቀት ይለጠፍ። አንዱ ላይ በየሙያው ስንት ቦታ እንዳለ ይጻፍ። ሁለተኛው ላይ የዕጩዎቹ የውጤት ተራ ይጻፍ፣ ውጤቱ ከምን ከምን እንደተደመረም ጭምር። ሦስተኛው ላይ ማን ምን መርጦ ምን እንደደረሰው ይውጣ። ተበደልኩ የሚል ካለ ከመደበው ሰው ሌላ ለሆነ ሰው አቤት የሚልበት አንድ ሳምንት ይሰጠው። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ መከላከያ ለተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ፣ አንቀጽ 87ን በየሙያው ከፋፍሎ ይቁጠርልን፤ በር ላይ የተቆጠረው ይበቃናል። እንዲህ ያለ ደንብ ቀድሞ አለ የሚሉን ከሆነም ደስ ይለናል፤ አውጥተው ይለጥፉት፣ እኛም አንብበን ዝም እንላለን።

ጊፋታው አልፎ ወደ ሶዶ ስመለስ ጎረቤቴ እስከ መኪናው ሸኙኝ። «ጻፍከው እንዴ?» አሉኝ። «እጽፋለሁ» አልኳቸው። «ማስታወቂያ የምንለጥፍበት ሰሌዳ የለንም ይሉሃል፣ አውቃቸዋለሁ» አሉና ሳቁ። «ጣውላው ከኔ፣ ሚስማሩም ከኔ። መጥቼ እመታላቸዋለሁ በላቸው።»

ብያለሁ።